ቸርኬ ቀብቼ ከ60 ኪሎ ሜትር በኋላ የላላው ብሎን፦ የአንድ ቮልስ ጉዳይ

ከግራ የኋላ ጎማ በኩል ጢቅ፣ ጢቅ የሚል ድምፅ የሰማሁት ቸርኬዎቹን ቀብቼ መኪናዋን ከመደገፊያ ባወረድኩ በሦስተኛው ቀን ነው። ስዘገይ ይዘገያል፣ ስፈጥን ይፈጥናል። መጀመሪያ ጎማው ላይ ጠጠር የተሰነቀረ መሰለኝ። ዳር ይዤ ቆምኩና ወርጄ ጎማውን ዙሪያውን ዳሰስኩት። ጠጠር የለም። የቸርኬውን ክዳን ነቅዬ የመጀመሪያውን ብሎን ስነካው ዞረ። በጣቴ! ያለ መፍቻ! ከአምስቱ ብሎኖች ሁለቱ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው፣ ሦስተኛውም ብዙ አልቀረውም። ቀለሙ አልቆ ከወጣሁ ጀምሮ የነዳሁት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚያች ቅጽበት ስል ነው። ቸርኬ ስለ መቀባት ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ማማሩ ነው። ማማሩን እኔም እወደዋለሁ፣ ለእሱ ስል ነው ሰባት ሳምንት የለፋሁት። ግን ቸርኬ እንደ በር ወይም እንደ ኮፈን አይደለም። መኪናዋ ሙሉ ክብደቷን የምትጥለው እሱ ላይ ነው። የት እንደሚቀባ ከማወቅ በፊት የት እንደማይቀባ ማወቅ ያስፈልግ ነበር፣ እኔ ደግሞ ያንን አላወቅኩም።

መኪናዋና ችግሯ

መኪናዋ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1963 ሞዴል ቮልስ ናት። የአባቴ ነበረች። ሞተሯ ከኋላ፣ ተቀያሪ ጎማዋ ከፊት ኮፈኑ ሥር። ቸርኬዎቿ ባለ 15 ኢንች የብረት ቸርኬዎች ናቸው፣ እያንዳንዱ በአምስት ብሎን ይታሰራል። ከዚህ ዓይነት መኪና ጋር ለማትተዋወቁ አንድ ነገር ልበል፦ እዚህ ዳዶ የሚባል ነገር የለም። ብሎኑ በቸርኬው ቀዳዳ ገብቶ ቀጥታ የፍሬን ታምቡሩ ላይ ይታሰራል። የ1968 ሞዴል ሲመጣ ወደ አራት ብሎን ተቀይሯል፣ ስለዚህ ቸርኬ ፍለጋ የምትወጡ ሰዎች መጀመሪያ ቀዳዳውን ቁጠሩ።

ሥራውን የጀመርኩት ለውበት ብዬ አልነበረም። ሁለት ጎማዎች በየሳምንቱ ይተነፍሱ ነበር። ጎሚስታ ቤት ወስጄ ምስማር ተፈለገ፣ አልተገኘም። ቤት መጥቼ ፈሳሽ ሳሙና በውኃ በጥብጬ ጎማውና ቸርኬው የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ በብሩሽ ቀባሁት። ትንሽ ስጠብቅ ደቃቅ አረፋ ተራ በተራ እየወጣ ጠርዙን ተከትሎ ተሰለፈ። በቃ፣ ታወቀ። ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ከንፈር ዝጎ ሻካራ ሆኗል፣ አየሩ የሚያመልጠው በዚያ ነው።

ጎማዎቹም ቢሆኑ ዕድሜያቸው ሄዶ ነበር። ጎማ ጎን ላይ ካለው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2311 ካለ በ2011 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው (ይኼም የፈረንጅ ነው)። የእኔዎቹ ጎናቸው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ማውጣት ጀምረው ነበር። ስለዚህ አሮጌዎቹ ወልቀው ይጣላሉ፣ ቸርኬው ባዶውን ይሠራል፣ ከዚያ አዲስ ጎማ ይገባል። ጎማ መቀየር ካለባችሁ ቸርኬ ለመቀባት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ጎማው ሳይወልቅ የሚቀቡ ሰዎች አሉ፣ የመጫወቻ ካርታ በጎማውና በቸርኬው መሃል ዙሪያውን ሰክተው ጎማውን ከቀለም ይከላከላሉ። ለላይ ላዩ ጥሩ ዘዴ ነው። ዝገቱ ከንፈሩ ውስጥ ከሆነ ግን ምንም አይጠቅምም።

ከሥር ምን እንደነበረ

ብሎኖቹን መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች ትንሽ ትንሽ አላላኋቸው። ከዚያ በክሪክ አንስቼ አራት የብረት መደገፊያ ላይ አሳረፍኳት። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር እጅም እግርም አይገባም፣ ይህ ለድርድር አይቀርብም። ጎማዎቹን ጎሚስታው አወለቀልኝ። ቸርኬዎቹ ባዶአቸውን ሲመለሱ ከጠበቅኩት በላይ ቀላል ነበሩ።

አንዱን ቸርኬ ክዳኑ የሚሸፍነው ቦታ ላይ በምላጭ ቀስ ብዬ ፋቅኩት። የሳንቲም ስፋት ያህል ነው። ከላይ በብሩሽ የተቀባ ብርማ ቀለም አለ፣ የብሩሹ ፀጉር መስመር በግልጽ ይታያል። ከሥሩ ጥቁር። ከጥቁሩ ሥር ሰማያዊ መጣ፣ የቦዲዋ ሰማያዊ ራሱ። ትንሽ ራቅ ብዬ ሌላ ቦታ ስፍቅ ደግሞ ከሥር የወጣው ሰማያዊ ሳይሆን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ለካ ቸርኬዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ባለ ሁለት ቀለም ነበሩ! በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ቮልሶች እንደዚያ ነበሩ። እኔ ግን እነዚህን ቸርኬዎች ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው በብርማ ነው፣ አባቴ በእጁ በቀባው። ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩና ወደ መጀመሪያው ቀለም እመልሳቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

አሸዋ በሚረጭ ማሽን አስጠርጎ በምድጃ የሚጋገረውን የዱቄት ቀለም ማስቀባት ይቻል ነበር። ለብረት ቸርኬ ጠንካራ ምርጫ ነው፣ ክፉ አላወራበትም። ግን ሁለት ቀለም በዱቄት ማውጣት አስቸጋሪ ነው፣ ደግሞም እውነቱን ለመናገር በራሴ እጅ ልሠራው ፈልጌ ነበር።

ማስለቀቅና ማየት

የድሮ የመኪና ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። በደረቁ በማሽን ከፈገፈጋችሁት አቧራው ቤት ውስጥ ይገባል፣ ልብስ ላይ ይቀመጣል፣ ልጆች ጋ ይደርሳል። እኔ የተጠቀምኩት እንደ ማር የሚወፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው። ወፍራም ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ የኬሚካል ሽታ የሚያግድ ካርትሪጅ ያለው ማስክ፣ ሥራውም ደጅ። አንድ እጅ ቀብቼ በፕላስቲክ ሸፍኜ ሩብ ሰዓት ስጠብቅ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ተነፋፍቶ ተነሣ። በፕላስቲክ መፋቂያ ስገፋው ሦስቱም ድርብ አንድ ላይ ተጠቅልሎ መጣ። የቀረውን በውኃና በብርጭቆ ወረቀት ነው ያነሣሁት፣ በደረቁ አይደለም። ልብሴን ለብቻው አጠብኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አመለጠኝ፣ ያኔ ግን አላወቅኩም። ማስለቀቂያውን ቀዳዳዎቹን ጨምሮ ሁሉም ቦታ ላይ ለቀለቅኩት። ከዚያ በፊት ብሎኑ የሚያርፍበት ቦታ ምን ይመስል እንደነበር አላየሁም። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ዝገቱ የከፋው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ጎማው የሚቀመጥበት ከንፈር፣ ሌላው የመሃሉ ዲስክ ከውጭው ክብ ጋር የሚገናኝበት ስፌት። ስፌቱ ውኃ ይይዛል፣ ብሩሽም በደንብ አይገባበትም። የላላውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ ትራፓኖ ላይ በሚታሰር ክብ የሽቦ ብሩሽ አነሣሁ። ጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረውን ፎስፎሪክ አሲድ ባለው ዝገት ማጥፊያ ቀባሁት። አሲዱ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይቀይረዋል፣ ቀዩ ቀስ በቀስ ይጠቁራል። ያንን ቆሞ ማየት ደስ ይላል።

ብረቱ ራቁቱን ሲሆን ስንጥቅ ፈለግኩ። ለዚህ የቆየ ዘዴ አለ። ቸርኬውን በላምባ ታጥቡታላችሁ፣ ትንሽ ትጠብቃላችሁ፣ በጨርቅ አድርቃችሁ ጠመኔ ትቀቡታላችሁ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ወደ ጠመኔው ይወጣና እርጥብ መስመር ይሠራል። በተለይ ከብሎን ቀዳዳ ወደ ብሎን ቀዳዳ ያለውን ቦታ ተጠንቅቆ ማየት ነው። የእኔዎቹ አራቱም ንጹህ ወጡ። ስንጥቅ ቢገኝ ኖሮ ቸርኬው ይጣላል፣ አይበየድም፣ በስቱኮም አይሸፈንም። ጎማው እላዩ ላይ እያለ ቸርኬን በእሳት ማሞቅ ደግሞ ፈጽሞ የሚታሰብ አይደለም፣ ጎማው እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል።

መቀባቱ

በፈሳሽ ሳሙና አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ቅባት በሚያነሣ ፈሳሽ ሁለት ጊዜ ጠረግኩ፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አልነካሁም። እንዲያም ሆኖ አንዱ ቸርኬ ላይ ፕራይመሩ (ከዋናው ቀለም በፊት የሚረጨው መነሻ ቀለም) ክብ ክብ ጉድጓድ እያወጣ ሸሸ። ምክንያቱ የጎማ ማጥቆሪያ ነው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ሲሊኮን አለ፣ ለዓመታት ሲረጭ ቸርኬው ላይ ያርፋል፣ ሲሊኮን ያለበት ቦታ ደግሞ ቀለም አይቀመጥም። ቸርኬውን እንደገና አጥቤ፣ ጠርጌ፣ ፈግፍጌ መጀመር ነበረብኝ።

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቸርኬውን አስቀምጬ በግራ እጄ እያዞርኩ በቀኜ ረጨሁ። ርቀቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር። ሁለት እጅ የኢፖክሲ ፕራይመር፣ ከዚያ ጉድጓዶቹን የሚሞላ ወፍራም ፕራይመር ሁለት እጅ፣ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ማለስለስ። ጎማ የሚቀመጥበት ከንፈር ላይ ግን ስስ ኢፖክሲ ብቻ፣ ሌላ ምንም። እዚያ ቀለም ከወፈረ ጎማው ሲገባ ይልጠዋል፣ አየሩም እንደገና መንገድ ያገኛል። ይኼንን አውቅ ነበር፣ ተጠንቅቄበታለሁ። የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው። ለከንፈሩ የሰጠሁትን ጥንቃቄ አንድ ስንዝር ወደ መሃል ወስጄ ለብሎን ቀዳዳዎቹ ብሰጥ ኖሮ የላላ ብሎን አይኖርም ነበር።

ነጩ ቀደመ። ሁሉንም በነጩ ቀብቼ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ሰማያዊው የሚያቆምበትን ክብ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ፕላስተር አወጣሁት። ቀጭን ፕላስተር ክብ ላይ ሳይጨማደድ ይታጠፋል፣ ሰፊው አይታጠፍም። ከቀጭኑ ጀርባ ሰፊውንና ጋዜጣውን ለጠፍኩ። ሰማያዊው ሦስት እጅ ገባ። የመጨረሻው እጅ ገና ለስላሳ ሳለ ቀጭኑን ፕላስተር ወደ ኋላ አጥፌ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ከሥሩ የወጣው መስመር እንደ ምላጭ የተሳለ ነበር። ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ እሷም ጎንበስ ብላ በጣቷ ልትነካው ስትል ይዤ አስቀረኋት።

ሁለተኛው ቸርኬ ላይ ቸኮልኩ። ቆርቆሮው ላይ ቀጣዩ እጅ ወይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወይ ከ48 ሰዓት በኋላ ይቀባ ይላል። እኔ አምስት ሰዓት ያህል ቆይቼ፣ ሲነካ ደርቋል ብዬ፣ ረጨሁ። ዓይኔ እያየ ቀለሙ እንደ ወተት እርጎ ተጨማደደ። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ የታችኛው እጅ ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና ነው፣ የአዲሱ እጅ ቲነር ሰርጎ ይገባና ያሳብጠዋል፣ ያበጠው ደግሞ መሄጃ ሲያጣ ይታጠፋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ሁለቱ እጆች አንድ ሆነው ይደርቃሉ፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ከሆነ የታችኛው ጠንክሮ ቲነሩን አያስገባም። መሃል ላይ ያለው ጊዜ ነው አደገኛው። ሁለት ቀን ጠብቄ ፈግፍጌ ደገምኩት።

በላዩ ሁለት እጅ ክሊር፣ ቀለሙን የሚጠብቀው ቀለም አልባ ሽፋን። ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚደርቀው ክሊር ቤንዚንንና የፍሬን አቧራን በጣም ይቋቋማል፣ ግን ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ፣ ሳንባን አስቆጥቶ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አስም ሊያመጣ ይችላል። ተራ የአቧራ ማስክ አያግደውም። ቤት ውስጥ ለዚያ የሚሆን መሣሪያ ስለሌለኝ ተውኩት፣ ተራውን ክሊር ተጠቀምኩ። ለእኔ አካሄድ በቂ ነው።

ቀለሙ ሲነካ ቢደርቅም እስኪጠነክር አሥር ቀን ሰጠሁት። አዲስ ቫልቭ፣ አዲስ ጎማ፣ ሚዛን። ሚዛኑን ጎሚስታው ጠርዝ ላይ በሚነከስ እርሳስ ፈንታ በውስጥ በኩል በሚለጠፍ እንዲሠራልኝ ለመንኩት፣ እሺ አለ። ጎማዎቹን አሰርኩ፣ በመፍቻ፣ በሙሉ ጉልበቴ። ጠበቀልኝ ብዬ አመንኩ።

ሦስተኛው ቀን

መንገድ ዳር የላሉትን ብሎኖች አጥብቄ በዝግታ፣ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ እየቆምኩ እያየሁ ቤት ደረስኩ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ሄጄ ነገርኳቸው። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ መጡ፣ ክዳኑን አነሡ፣ አንዱን ብሎን ሙሉ በሙሉ አወጡና ጭንቅላቱን ወደ ብርሃን አዞሩት። የብሎኑ ሥር እንደ ግማሽ ኳስ ክብ ነው፣ ቸርኬው ላይ ያለው መቀመጫም እንደዚያው ጎድጎድ ያለ ነው። የብሎኑ ክብ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተጣብቆ ነበር። ዙሪያውን እንደ ትንሽ ከንፈር ተገፍቶ የወጣ ቀለም።

«ልጄ፣ ብሎኑ የሚቀመጥበትንም ቀባኸው እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ሁሉንም ነው የቀባሁት።»

«ከጀርባስ? ታምቡሩ ላይ የሚያርፈውን?»

«እሱንም።»

ብሎኑን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «እንግዲህ ያሰርከው ብረት በብረት ላይ አይደለም፣ ቀለም ላይ ነው። ቀለም ደግሞ ይሸሻል» አሉኝ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ነገሩን አሰብኩበት። ጎማውን የሚይዘው የብሎኑ ውፍረት ብቻ ይመስለን ይሆናል። እንደዚያ አይደለም። ብሎን ሲጠብቅ እንደ ጠንካራ ስፕሪንግ በጣም በትንሹ ይለጠጣል። የተለጠጠው ብሎን ተመልሶ ለመሰብሰብ ሲታገል ቸርኬውን ከታምቡሩ ጋር ጨምቆ ይይዛል። ጎማው እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርገው ያ ጭምቅታና ከእሱ የሚመጣው ሰበቃ ነው። አሁን ቁጥሩን እዩት። እንደዚህ ያለ አጭር ብሎን የሚለጠጠው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ በታች ነው። የእኔ ቸርኬ መቀመጫ ላይ ያለው ቀለም ደግሞ ስንት ነው? አራት እጅ ፕራይመር፣ ነጩ፣ ሰማያዊው፣ ክሊሩ። አንዱ እጅ ከ20 እስከ 30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ቢሆን በድምሩ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያልፋል። በጀርባ በኩልም ሌላ አለ። ይህ ሁሉ በጭነትና በፍሬን ሙቀት ተጨምቆ ከሥር ሲሸሽ የብሎኑ ልጥጠት በሙሉ ያልቃል። ብሎኑ አልዞረም፣ ጥርሱም አልተበላም። የያዘው ነገር ከሥሩ ሄደበት እንጂ።

ለምን ግራ የኋላው ቀደመ? የኋላው ጎማ የሞተሩን ጉልበት ይቀበላል፣ ሞተሩም እዚያው ላይ ስለተቀመጠ ክብደቱ ይበዛል። በዚያ ላይ ሁለት ጊዜ የተቀባው፣ ማለትም ቀለሙ ተጨማድዶ የደገምኩት ቸርኬ እሱ ነበር። ቀለሙ ከሁሉም ወፍራም እዚያ ነው። የቀሩትን ሦስቱን ስንፈትሽም አንዳንዱ ብሎን ከሩብ ዙር በላይ ጠበቀ። ጊዜ ቢያገኙ ሁሉም ይከተሉ ነበር።

ማስተካከሉ

አራቱም እንደገና ወረዱ። ጎማዎቹ አልወለቁም፣ አያስፈልግም ነበር። ማስለቀቂያውን በትንሽ ብሩሽ ቀዳዳዎቹ መቀመጫ ላይ ብቻ ቀባሁ፣ ቀለሙ ሲነሣ በጨርቅ ጠርጌ በላስቲክ ብሩሽ አጸዳሁ። ጋሼ በድንጋይ ወይም በትራፓኖ እንዳልነካው አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። መቀመጫው ልክ ያለው ክብ ነው፣ ብረቱን ከበላችሁት ብሎኑ ከዚያ በኋላ በደንብ አያርፍም። በጀርባም ታምቡሩ የሚነካውን ክብ ቀለበት እንደዚሁ አራቆትኩት። ታምቡሩ ላይ የነበረውን ዝገትም በሽቦ ብሩሽ አነሣሁ። እሱም እንደ ቀለም ነው፣ ከሥር የሚሸሽ ነገር ነው።

የግራ የኋላው ቸርኬ በብሎኖቹ ዙሪያ ቀለሙ ተሰባብሮ ነበር፣ መሃሉን መልሼ መቀባት ነበረብኝ። መቀመጫዎቹን በምን ልሸፍን ብዬ ሳስብ ልጄ የሚጫወትባቸው ብዮች ትዝ አሉኝ። ትልልቆቹን አምስት ብይ ወስጄ ቀዳዳዎቹ ላይ አስቀመጥኩ። መቀመጫው ራሱ ጎድጎድ ያለ ክብ ስለሆነ ብዩ ልክ ገብቶ ቁጭ አለ፣ ጠርዙን በሙሉ ይዞ። ቀብቼ ሲደርቅ ብዮቹን አነሣሁ። ከሥራቸው ንጹህ ብረት፣ ዙሪያውን ንጹህ ሰማያዊ። ብዮቹ ሰማያዊ ኮፍያ አጥልቀው ቀሩ፣ ለልጄ ሌላ ገዛሁለት።

የዚያን ጎማ አምስት ብሎኖች በአዲስ ቀየርኳቸው። ላልተው የተነዱ ብሎኖች ናቸው፣ ምን ያህል እንደተጎዱ በዓይን አይታይም። የፋብሪካው ዓይነት፣ ሥሩ ኳስ መሰል የሆነውን። ሥሩ እንደ ቀንድ የሾለ ብሎንም አለ፣ ለሌላ ቸርኬ የተሠራ ነው፣ እዚህ ቢገባ የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው።

ማሰሩም ተቀየረ። መጀመሪያ ጎማው በአየር ላይ እያለ ብሎኖቹን በእጅ አስገባሁ። ከዚያ መኪናዋን አውርጄ፣ ጎን ለጎን ያሉትን በተከታታይ ሳይሆን አንዱን እየዘለልኩ፣ ኮከብ በሚስል ሰው አካሄድ፣ መጀመሪያ በግማሽ ኃይል ከዚያ በሙሉ። በመፍቻና በጉልበት አይደለም፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው መፍቻ፣ በቶርክ ሬንች፣ የመኪናዋ መጽሐፍ ላይ በተጻፈው ልክ። የብሎኑ ጥርስ ላይ ዘይት አላደረግኩም፣ ዘይት ሲኖር ሬንቹ ልክ ነው ሲል ብሎኑ ከሚገባው በላይ ተለጥጧል። 50 ኪሎ ሜትር ነድቼ ፈተሽኩ፣ 100 ላይ ደገምኩ፣ 500 ላይ እንደገና። አንዱም ብሎን አልተነቃነቀም።

ዓመት አልፎታል። ጎማዎቹ ከዚያ ወዲህ በወር አንዴ ስፈትሻቸው ከአየር ሙቀት መለዋወጥ ውጭ አልቀነሱም። ሰማያዊው ላይ ክዳኑን የሚይዙት የብረት ምላሶች አራት ትንንሽ ጭረት አውጥተዋል፣ ክዳኑ በገባና በወጣ ቁጥር የሚመጣ ነው፣ ጫፋቸውን በቀጭን ፕላስተር ብሸፍነው ይቀንስ ነበር። ስፌቱ ጋ አንድ ቸርኬ ላይ የሽንብራ ያህል ዝገት ብቅ ብሏል። በሚቀጥለው ደረቅ ወቅት አስተካክለዋለሁ።

አምስተኛው ቸርኬ፣ ተቀያሪው፣ ሳይቀባ ከፊት ኮፈኑ ሥር ነበር። ጊዜ ስላልነበረኝ ነው የተውኩት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ላየው አወጣሁት። የአባቴ ብርማ ቀለም አሁንም አለ፣ የብሩሹ መስመር ወፈር ቀጠን እያለ ዙሪያውን ይሄዳል። ብሎን ቀዳዳዎቹ ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል። አምስቱንም ቀዳዳ ብሩሹ በጥንቃቄ ዞሯቸዋል፣ መቀመጫው ላይ አንድ ጠብታ እንኳ የለም። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ታምቡሩ የሚነካው ቀለበትም ባዶ ብረት ነው፣ ስስ ዝገት ብቻ ይዞታል። ዝገቱን ጠርጌ ቸርኬውን እንዳለ ወደ ቦታው መለስኩት።